ባትሪውን ከመውቀስ አስቀድሞ

የጉለሌ ማለዳ ብርቱ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ ወራት አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በዚያ ሰዓት በሽሮ ሜዳ ወይም በአዲሱ ገበያ በኩል የሚያልፍ ሰው፥ ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ከማለት በቀር ድምፅ የማይሰጥ መኪና ቢያይ፥ ከኋላውም አራት አምስት ጐልማሶች ሲገፉት ቢመለከት እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ቁልቁለት ያገኘ ይነሣል፤ ዳገት የገጠመው ግን ጐረቤት ይለምናል።

ሞተሩ እንቢ ባለ ጊዜ ባለ መኪናው የሚናገረው ቃል አንድ ነው፤ «ባትሪው ሞተ» ይላል። እኔም ይህን ፍርድ ደጋግሜ ስሰማ፥ ከሚወቀሱት ባትሪዎች ስንቶቹ በእውነት በደለኞች እንደ ሆኑ ለማወቅ ወደድሁ። ስለዚህ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ከሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ጐረቤቴ ዘንድ እየተቀመጥሁ የተማርሁትን ለአንባቢ ላካፍል።

ባትሪ ኃይልን የሚያስቀምጥ ጐተራ ነው እንጂ የሚያፈራ እርሻ አይደለም። ዛሬም በመኪናዎቻችን የምናገኘውን፥ በእርሳስና በአሲድ የሚሠራውን ባትሪ፥ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. አወጣው። ሞተሪኖውን አዙሮ ሞተሩን የሚያስነሣው ከዚህ ጐተራ የሚወጣው ኃይል ነው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን የወጣውን የሚመልስ፥ መብራቱንም ሁሉ የሚመግብ፥ በቺንጊያ የሚዞረው ዲናሞ ነው። የዛሬው ዲናሞ በትክክለኛ ስሙ አልተርኔተር ይባላል። የአሜሪካው ክራይስለር ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. ቫሊያንት በተባለው መኪናው ላይ ካደረገው ወዲህ የጥንቱን ዲናሞ እየተካ ሄደ። በሰፈራችን ግን ዕቃው ሲለወጥ ስሙ ሳይለወጥ ቀረ።

እንግዲህ ጐተራው ባዶ ሆኖ ቢገኝ፥ አስተዋይ ሰው አራት ነገር ይጠይቃል። ጐተራው ራሱ አርጅቶ ያፈስሳልን? እርሻው ማፍራቱን ትቷልን? ከእርሻው ወደ ጐተራው የሚያደርሰው መንገድ ተበላሽቷልን? ወይስ ሌሊት የሚመጣ ሌባ አለ? አራቱም በማለዳ የሚታዩበት ምልክት አንድ ስለ ሆነ፥ ምልክቱን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ብዙ ጊዜ ይስታል። ብርዱም ቢሆን የባትሪውን ኃይል ያደክማል፥ የሞተሩንም ዘይት ያወፍራል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን የሚገልጥ ነው እንጂ የሚፈጥር አይደለም።

ባለፈው ክረምት አንድ የሚኒባስ ሾፌር ወደ ሽማግሌው መጣ። ዕለት ዕለት ለባለ መኪናው የሚያስገባው ገንዘብ አለበት፤ የተረፈው የሦስት ልጆቹ እንጀራ ነው። አንድ ጋራዥ «ባትሪህ ሞቷል» ብሎት አዲስ ገዝቶ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ያው ደክሞ ቀረ። አሁንም ሁለተኛ ለመግዛት ሊበደር ተነሥቶ ነበር።

ሽማግሌው፥ «ልጄ፥ ከመበደርህ በፊት እንለካው» አሉት። ቴስተር የሚሉትን መለኪያ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ቢያኖሩት 12.1 ቮልት አሳየ። ተገፍቶ ሞተሩ ሲነሣ ቍጥሩ ሊወጣ ሲገባው 12.0 ሆነ፤ የፊቱ መብራት ሲበራ ደግሞ ወደ 11.8 ወረደ። ቺንጊያው ደኅና ነበረ፤ ሽቦውም ጽኑ ነበረ። ዲናሞው ተፈትቶ ሲታይ ግን በውስጡ ያሉት ሁለቱ ትንንሽ ካርቦኖች ተበልተው አልቀው ተገኙ። ዋጋቸው ከባትሪ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ካርቦኖቹ ተለውጠው፥ ባትሪውም በቻርጅ ተሞልቶ ሲለካ መለኪያው 14.2 አለ። ሾፌሩም፥ «አባባ፥ ታዲያ ባትሪው ምን አድርጎ ነበር?» ቢላቸው፥ «የሰጠው ሳይመለስለት ደከመ» ብለው መለሱለት።

አንባቢ ይህን ፍተሻ ሊይዘው ይገባል። ሌሊቱን ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ወይም ጥቂት አልፎ ቢገኝ ሙሉ ነው፤ 12.2 ቢሆን ወደ እኩሌታ ተጋምሷል፤ ከ12 በታች ቢወርድ ባዶ ሊሆን ቀርቧል። ሞተሩ ሲሠራ በብዙዎቹ መኪናዎች ከ13.8 እስከ 14.5 ድረስ መውጣት አለበት። ካልወጣ እርሻው ወይም መንገዱ ይመርመር፤ ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶ ባትሪውን እያፈላው ነው። ማለዳ የሚጮኽ ቺንጊያ የላላ ወይም ያረጀ ነው። በባትሪው ጫፍ የሚበቅለው ነጭና አረንጓዴ ዝገት መንገዱን ይዘጋል። ሁሉም ደኅና ሆኖ ሳለ ሌሊት እያደረ ባትሪው የሚያልቅ ከሆነ፥ ሳይጠፋ የሚያድር መብራት ወይም ያለ ደንብ የተገጠመ ሬድዮ ይፈለግ። በክረምት መብራቱን፥ ዝናብ መጥረጊያውንና ማራገቢያውን ሁሉ ከፍቶ በተሽከርካሪ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ የሚውል መኪናም፥ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ዲናሞው የሚሰጠው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ያለ ምንም ብልሽት ሊደክም ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች ዲናሞውን ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ ይነቅላሉ። ይህ ከጥንቱ ዲናሞ ዘመን የተረፈ ልማድ ነው። በአልተርኔተር ላይ ሲደረግ ግን ቮልቱ ድንገት ዘልሎ ዲዮዶቹንና የመኪናውን ኮምፒዩተር ሊያቃጥል ስለሚችል ሊተው ይገባዋል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ ይህ እውቀት የሚያልፍበት የሚመስለው ይኖራል። ነገር ግን አሮጌዎቹ መኪናዎች ገና ብዙ ዘመን ይጠገናሉ። በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም ቢሆኑ ከታላቁ ባትሪያቸው ሌላ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እርሱም ከታላቁ ካልተመገበ ይደክማል፥ መኪናውም አይነሣም።

አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። ለዓይን ቅርብ የሆነውንና በቀላሉ የሚለወጠውን መክሰስ ይቀናናል። በዐሥሩ ደናግል ምሳሌ የአምስቱ መብራት ሊጠፋ የቀረበው ዘይት ስላልያዙለት ነበር፤ መብራቱ አልበደለም። በቤታችንም ሁሉን ስታነሣ ኖራ አንድ ማለዳ አልነሣ ያለችውን እናት፥ በሥራ ቦታም የዛለውን ባልንጀራ፥ «ደከመ፥ አበቃለት» ከማለታችን በፊት፥ ከእርሱ የወጣውን የመለሰለት ማን እንደ ሆነ ብንጠይቅ መልካም ነው።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» የተባለው ለዳኞች ብቻ አይደለም። መለካት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሳይለኩ መፍረድ ግን ያን ሾፌር የልጆቹን እንጀራ ሊያስከፍለው ነበር።