ከሞተሩ ጋር የገዛሁት ጩኸት

እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ያገለገለ ሞተር ሳይክል ወይም መኪና ስትገዙ በቅድሚያ ምን ታያላችሁ? እኔ ጎማውን አየሁ፣ አስነስቼ ድምፁን አዳመጥኩ፣ ሊብሬውን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር አመሳከርኩ። በመጨረሻ ሻጩ «አላርምም አለው፤ ለእሱ ዋጋ አልጨመርኩብህም» አለኝ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ «በነፃ» የሚለው ቃል ደንበኛን ምን እንደሚያደርገው ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ደስ እያለኝ ከፈልኩ።

የምንኖረው ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ብዙ በማይርቅ ሰፈር ነው። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ሞተር ለቢሮም ለገበያም ይመቻል። ሻጩ አላርሙን ያስገጠመው ግን አዲስ አበባ ሲኖር ነው። ያኔ ሞተሩ የሚያድረው ኮንዶሚኒየም ሥር፣ መንገድ ዳር ነበር። በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሞተር ሳይክሎች ላይ ገደብ ስትጥል ይዞት ወደ ሐዋሳ መጣ። ለካ እኔ ከሞተሩ ጋር የሌላ ሰው ስጋትም ገዝቻለሁ።

በእኛ ግቢ ሞተሩ የሚቆመው ከቆርቆሮው በር ጀርባ ነው። ድመት ስትዘልበት ይጮሃል። ባጃጅ ሲያልፍ ይጮሃል። ነጎድጓድ ሲኖርማ አይጣል ነው። ልጃችን ያኔ የሰባት ወር ሕፃን ነበረች፤ ባለቤቴ በስንት መከራ ያስተኛቻትን አላርሙ ይቀሰቅሳታል። በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤቶች ዱላ ይዘው ወጡ። በሁለተኛው ሳምንት በመስኮት አዩ። በሦስተኛው ማንም ብቅ አላለም። እኔም ሪሞቱን ትራሴ ሥር አድርጌ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ ማጥፋት ለመድኩ።

አንድ ሌሊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጮኸ። አጠፋሁት። እንደገና ጮኸ። አጠፋሁትና ተኛሁ።

ጠዋት የጎረቤቶቻችን ቤት ተቆልፏል። ነገሩን የሰማሁት ከሰፈር ሰው ነው። ሌሊት የጋሼ ስኳር ወርዶ ራሳቸውን ስተው ነበር። እማማ የእኛን በር በሁለት እጃቸው ደብድበዋል። በሩ ሲነቃነቅ ሞተሩ ይጮሃል፤ ሲጮህ እኔ አጠፋለሁ። ስልክም ደውለው ነበር፤ ልጅ እንዳትነቃ ብዬ ድምፁን ዘግቼዋለሁ። በመጨረሻ በዚያ ጨለማ ብቻቸውን አስፋልት ወጥተው ባጃጅ ለምነው ሐኪም ቤት አደረሷቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ በሦስተኛው ቀን በእግራቸው ወደ ቤታቸው ገቡ። ልጠይቃቸው ስሄድ እማማ ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። ይቅርታ ስለምን «አይ ልጄ፣ እንደ ሁልጊዜው መስሎህ ነው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አላርሙ ከስንት የውሸት ጩኸት በኋላ በዚያ ሌሊት እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ በር ላይ ሰው አለ እያለኝ ነበር።

ቅዳሜውኑ ኤሌክትሪሺያን ጋ ወሰድኩት። «ቆርጠህ ጣልልኝ» ስለው ሳቀ። አላርሙ ሲገጠም የሞተሩ የማስነሻ መስመር ተቆርጦ በአላርሙ ሳጥን በኩል እንዲያልፍ ተደርጓል። ሳጥኑን ዝም ብሎ የነቀለ ሰው ሞተሩ አይነሳለትም። ልጁ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታ። የእኛ ጡሩምባ ግን የራሱ ትንሽ ባትሪ ስላለው የባሰ ጮኸ፤ እሱንም ነቀለው። ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ ተከትሎ ተቆርጦ የነበረውን መስመር መልሶ አገናኘ፣ በስታኞ በየደ፣ በናስትሮ ጠቀለለ። ሞተሩ ጥቂት ቀን ከቆመ በኋላ ለምን አልነሳ እንደሚለኝም ያን ቀን ገባኝ፤ አላርሙ ቀን ከሌት ከባትሪው ጥቂት ጥቂት ይስባል።

እንግዲህ አላርም ያለው ያገለገለ ሞተር ወይም መኪና ልትገዙ ከሆነ፣ ሻጩ ፊታችሁ ያብራው፣ ያጥፋው። ትርፍ ሪሞት ካለ ተቀበሉ። የት እንደተገጠመ ጠይቁ። ልታቆዩት ከፈለጋችሁ ለንቅናቄ ያለውን ስሜት አስቀንሱ፤ ብዙዎቹ ይህን ማስተካከያ አላቸው። ካልፈለጋችሁት ደግሞ የማስነቀያውን ወጪ ከዋጋው ላይ ተከራከሩበት፤ ሥራውንም ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

አሁን ሞተራችን መሪው ተቆልፎ፣ በወፍራም ሰንሰለት ከብረት ምሰሶ ጋር ታስሮ በጸጥታ ያድራል። ስልኬም ሌሊት ድምፁ ክፍት ነው። ባለፈው ሳምንት እኩለ ሌሊት ላይ በሩ ሲንኳኳ ሰምቼ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ድመቷ ነበረች። የእማማንና የጋሼን ግቢ ቃኘሁ፤ መብራታቸው ጠፍቷል፣ ሁሉም ሰላም ነው። ተመልሼ ተኛሁ።