«ጥል» ነው ወይስ «ትል»?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም፣ ስለ ልምምድ ማስተማርም ብዙ ተጽፎ አንብበናል። እኔ ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ስለ አንድ ተራ ዕቃ፣ ስለ ጆሮ ማዳመጫ ነው። «ስለ ማዳመጫ ደግሞ ምን የሚጻፍ አለ?» የሚል አይጠፋም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደዚሁ ባይ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ወደ እሷ ኋላ እመለሳለሁ።

በመኝታ ክፍላችን ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛ አንድ ጓደኛ አለኝ። ስሙን አልጠራም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ከትምህርት ቤት መልስ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግን ሰው ዘንድ ይውል ስለ ነበር ሽቦ መበየድ ያውቃል። ሻንጣው ውስጥ ከልብስ ይልቅ ሽቦ ይበዛል። ልጁ ድምፅ ወዳድ ነው። ዘፈንማ ሁላችንም እንወዳለን፤ እሱ የሚጨነቀው ድምፁ እንዴት ሆኖ ጆሮው እንደ ደረሰ ነው። አንድ የበገና ቅጂ አሥር ጊዜ ደጋግሞ ሰምቶ «አሁን እንዝራዋን ለየኋት!» ሲል እንስቅበት ነበር። እንዝራ ማለት በበገናው ጅማት ሥር የምትገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት፤ ያ ሆድ የሚያባባው ነዘርዘር የሚል ድምፅ የሚገኘው በእሷ ምክንያት ነው።

እኔ ደግሞ ከኪስ ገንዘቤ ቆጥቤ ገበያ ወጣሁና አንድ ማዳመጫ ገዛሁ። ትልቅ ነው፤ ጥቁር ነው፤ ያብረቀርቃል። ሻጩ ጆሮዬ ላይ ደፍቶልኝ «ቤዙን ስማው እስቲ!» አለኝ። እውነትም ደረት ድረስ ይደልቃል። ደስ ብሎኝ መጥቼ ለጓደኛዬ ሰጠሁት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ሰማና መለሰልኝ።

«ምነው?» አልኩት።

«ይኸ'ኮ ድቤ ነው፤ ዘፋኙ የት ሄደ?» አለኝ።

ቀናብኝ ብዬ ተቀየምኩት። ነገሩ ግን እውነት ነበር። ወፍራሙ ድምፅ ገንኖ ቀጭኑን ይውጠዋል። የዘፋኙን ቃል ለመለየት ስል ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ፤ ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ድቤውም አብሮ ይጨምራል። ላዩ ላይ ደግሞ የመኝታ ክፍላችን ጫጫታ አለ። አንዱ ያጠናል፣ አንዱ ይከራከራል፣ አንዱ ያንኮራፋል። ያንን ለመሸፈን እንደገና ከፍ አደርጋለሁ። እንዲህ እያልኩ በየሌሊቱ ሁለትና ሦስት ሰዓት እሰማ ነበር። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ጠዋት ስነሣ ጆሮዬ ጭው ይልብኝ ጀመር። «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ብዬ ተውኩት።

ከዚያ የልምምድ ማስተማር ጊዜያችን ደረሰ። የተመደብኩት ሁለተኛ ክፍል አማርኛ ላይ ነው። የዕለቱ ትምህርት «ጠ» ነበር። ዝግጅቴን በሚገባ ጽፌያለሁ፤ ሥዕል አለኝ፤ ጠመኔው ተስተካክሏል። ተማሪዎቹን በ«ጠ» ቤት የሚጀምር ቃል እንዲነግሩኝ ጠየቅሁ። «ጤፍ!» «ጥጥ!» «ጣት!» እያሉ ተሻሙ። ከሦስተኛው ረድፍ አንዲት ድምፀ ቀጭን ልጅ እጇን አወጣች። ስትናገር ትል ያለች መሰለኝ።

«አይደለም፤ ትል በ‹ተ› ነው የሚጻፈው። ተቀመጪ» አልኳት።

ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ከኋላ ተቀምጠው ሲመለከቱኝ የነበሩት መምህርት ወደ ጎን ወሰዱኝ። ስለ ዝግጅቴ መልካም ነገር ከተናገሩ በኋላ «ልጅቷ ያለችው'ኮ ‹ጥል› ነው። እኔ ከኋላ ሆኜ ሰምቻታለሁ፤ አንተ ከፊቷ ቆመህ እንዴት ሳትሰማት ቀረህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

«ተ»ና «ጠ»ን የሚለያቸው ምን እንደሆነ በቋንቋ ትምህርታችን ተምረነዋል። ምላስ የምታርፍበት ቦታ አንድ ነው። ልዩነቱ «ጠ»ን ስንል ጉሮሮ ይዘጋና የታመቀው አየር ፈንጠር ብሎ መውጣቱ ላይ ነው። «ከ»ና «ቀ»ም፣ «ቸ»ና «ጨ»ም እንደዚሁ ናቸው። ያቺ ፍንጥርታ ከሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ አትበልጥም። ጤና ጣቢያ ሄጄ ስመረመር ባለሙያው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ማዳመጫ ታደርጋለህ?» ብሎ ነው። ከፍተኛ ድምፅ ጆሮን ሲጎዳ አስቀድሞ የሚያደክመው ቀጫጭኑን ድምፅ የሚሰማውን ክፍል መሆኑን አስረዳኝ፤ ጆሮዬንም ላሳርፍ አዘዘኝ። እንግዲህ የልጅቷ ቃል የጠፋብኝ በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ማታውን ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ወደ ላይኛው አልጋ ቀና አልኩ። «ስማ፣ እናንተ ድምፅ ወዳዶች አዲስ ማዳመጫ ይሠራላችሁ ቢባል ምን ትጠይቃላችሁ?» አልኩት። መብራት እስኪጠፋ አወራልኝ። እኔም በማግሥቱና ከዚያ በኋላ እያነበብኩ አጣራሁ። ያገኘሁትን እነሆ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፣ የሚጠይቁት እውነተኛ ድምፅ ነው። የተቀዳው ነገር ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት እንዲደርሳቸው ይሻሉ። «ይኸ የጥቂት ቅንጡዎች ምርጫ ነው» ብዬ ነበር። አልሆነም። በአሜሪካ ሐርማን በተባለው ኩባንያ ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ ከ2012 ወዲህ ብዙ ዓይነት አድማጮችን፣ የማዳመጫው ስምና ዋጋ እንዳያሳስታቸው እየጠነቀቁ፣ አሰምተው አጥንተዋል። አብዛኛው ሰው የመረጠው በመልካም ክፍል ውስጥ ጥሩ እስፒከር የሚሰጠውን የመሰለ ሚዛናዊ ድምፅ ነው። ቤዝ ይኑር፤ ነገር ግን ሌላውን አይዋጥ። ጓደኛዬ ግማሽ ደቂቃ ሰምቶ የተናገረው ይኸንኑ ነበር።

ሁለተኛ፣ ራስና ጆሮ እንዳይጨነቅ ይፈልጋሉ። ናትናኤል ባልድዊን የተባለ የዩታ ሰው በ1910 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ያቀረበውን ማዳመጫ የሠራው በቤቱ ማድ ቤት ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ጉዳዩ መልእክት መስማት ነበር። በ1958 ጆን ኮስ ሚልዎኪ ከተማ ላይ ለሙዚቃ የሚሆን ባለ ሁለት ወገን፣ ማለትም ስቴሪዮ ማዳመጫ አወጣ። በ1968 የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኤችዲ 414 የተባለውን ቢጫ ስፖንጅ የለበሰ ማዳመጫ ሲያወጣ ጀርባውን ክፍት አድርጎ ሠራው። ጀርባው ክፍት ሲሆን ድምፁ ጆሮ ላይ ታፍኖ አይቀርም፤ ሰፋ ብሎ ይሰማል፤ ጆሮንም አያልብም። በ1979 ደግሞ ሶኒ ዎክማንን ሲያወጣ አብሮት የመጣው ማዳመጫ 50 ግራም ያህል ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት ሰዎች አብረው እንዲሰሙበት ሁለት የማዳመጫ ቀዳዳ እንደ ነበረው ሳነብ ደስ አለኝ።

ጓደኛዬ ክፍቱን ይመርጣል። እዚህ ላይ እኔ አልተስማማሁም። ክፍት የሆነ ማዳመጫ ድምፁን ወደ ውጭ ይለቃል፤ የውጭውንም ያስገባል። ብቻውን ክፍል ላለው ሰው መልካም ነው። እንደኛ አልጋ ላይ አልጋ ደርቦ ለሚተኛ ግን ዝግ የሆነውና ጆሮን ሳይጫን ደህና አድርጎ የሚሸፍነው ይሻላል። ጫጫታው ከተከለለልን ከፍ ማድረግም አያስፈልገንም። «ለክፍሉ እንጂ ለስሙ አትግዛ» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እሱስ ልክ ነህ» አለኝ።

ሦስተኛ፣ የሚጠገን እንዲሆን ይጠይቃሉ። ማዳመጫ ቶሎ የሚሞተው በሽቦው ነው፤ መሰኪያው አጠገብ ይታጠፍና ውስጡ ይቆረጣል። ሽቦው ተነቅሎ የሚተካ፣ የጆሮው ትራስ ሲያረጅ የሚለወጥ ከሆነ ዕቃው ብዙ ዓመት ያገለግላል። አፕል በ2016 አይፎን 7ን ሲያወጣ የማዳመጫውን ቀዳዳ ካስቀረው ወዲህ ሽቦ አልባው በጣም ተስፋፍቷል። ሽቦ አልባው ምቹ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ባትሪው ሲደክም ብዙዎቹ ተከፍተው እንዲጠገኑ ተደርገው አልተሠሩም፤ ደህና የሚሰማ ዕቃ በባትሪ ምክንያት ይጣላል።

ድምፅ ወዳዶች ምን እንደሚሹ በደንብ ያሳየኝ በዚያው በ2016 የሆነ አንድ ነገር ነው። ማስድሮፕ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ከዜንሃይዘር ጋር ተስማምቶ፣ በ2003 የወጣውን ኤችዲ 650 መሠረት በማድረግ ኤችዲ 6ኤክስኤክስ የተባለ ማዳመጫ በ199 ዶላር ከ99 ሣንቲም ለሽያጭ አቀረበ። አዲስ ነገሩ ምን ነበር? ሦስት ሜትር የነበረው ሽቦ አጥሮ 1.8 ሜትር ሆነ፤ ትልቁ መሰኪያ በትንሹ ባለ 3.5 ሚሊ ሜትር ተለወጠ፤ ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ ዋጋውም ከበፊቱ ወረደ። ድምፁ ግን ያው የቀድሞው እንዲሆን ተተወ። ሰዎቹ የቀድሞውን መልካም ድምፅ ብዙ ሰው በሚደርስበት ዋጋ በማግኘታቸው ረክተው ገዙት።

አራተኛ፣ ማዳመጫው ከሚሰካበት ዕቃ ጋር እንዲስማማ ይሻሉ። አሁን ያልኩት ማዳመጫ 300 ኦም ነው፤ ስልክ ላይ ሰክተን የምንሰማባቸው ትንንሾቹ ግን ብዙውን ጊዜ 16 ወይም 32 ኦም ናቸው። ባለ 300ውን ተራ ስልክ ላይ ቢሰኩት ድምፁ ሊደክም ይችላል፤ ማጉያ ይፈልጋል። ስለዚህ ውድ የሆነው ሁሉ ለሁሉ አይበጅም።

አምስተኛውን ጓደኛዬ አልነገረኝም፤ እኔ ከራሴ የጨመርኩት ነው። ማዳመጫ ልክን የሚያሳውቅ ቢሆን እመኛለሁ። የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያወጡት መመዘኛ ለአዋቂ በሳምንት 80 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት፣ ለሕፃናት ደግሞ 75 ዴሲቤል ለ40 ሰዓት ይላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 83 ሲሆን 20 ሰዓት፣ 86 ሲሆን 10 ሰዓት፣ 89 ሲሆን 5 ሰዓት ማለት ነው። እኔ በየሌሊቱ ሦስት ሰዓት ብሰማ በሳምንት 21 ሰዓት ይመጣል። ያውም ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ! ሒሳብ ተምሬ ይህችን ሳላሰላት መቅረቴ ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ። በማግሥቱ ክፍል እንደ ገባሁ ሰሌዳው ላይ ትልቅ አድርጌ «ጥል» ብዬ ጻፍኩ። «ትናንት ጓደኛችሁ የተናገረችው ይኸን ነበር። ልክ ነበረች፤ በደንብ ያልሰማሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እሷ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። የልምምድ ጊዜዬ እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ እጠብቃት ነበር፤ እጇን ግን አላወጣችም። ክፍሉን ለቀን የወጣን ዕለት በሩ ላይ «ደህና ይሁኑ መምህር» አለችኝ። ቃሏን አንድም ሳይቀር ሰማሁት።

ጆሮዬ አሁን ተሽሎኛል። ጸጥ ባለ ሌሊት ግራው አልፎ አልፎ ጭው ይላል። ያንን ጥቁር ማዳመጫ ለማንም አልሸጥኩትም፤ ሌላውን ለምን ላስጎዳ? ጓደኛዬ ፈታትቶ ሽቦውን ለመለማመጃ ወስዶታል።

ጓዶቼ ሆይ፣ እኛ ነገ የምንኖረው በጆሯችን ነው። መምህር ይናገራል ይባላል እንጂ የቀኑ ግማሽ መስማት ነው። ስልሳ ሕፃን ባለበት ክፍል ውስጥ ከሦስተኛው ረድፍ በቀጭን ድምፅ የሚነገረውን ቃል ካልሰማን ዝግጅታችን ሁሉ ምን ይረባል? ስለዚህ ማዳመጫ ስትገዙ «ቤዙን ስማው» ለሚል አትታለሉ። የምታውቁትን የሰው ድምፅ አስከፍታችሁ፣ ዝቅ አድርጋችሁ ስሙ። ዝቅ ብሎ ቃሉ ከተለየ መልካም ነው። ከፍ ካላደረጋችሁት የማይለይ ከሆነ ለሻጩ መልሱለት።

በመጨረሻም ከላይኛው አልጋ የተላከ መልእክት አለኝ። ሽቦው የተቆረጠበት ማዳመጫ ያላችሁ አትጣሉት። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መኝታ ክፍላችን ብታመጡ በነፃ ይበይድላችኋል። እሱ ሲበይድ መብራት የምይዝለት እኔ ነኝ።