የአስታ ሥርና የፒፓ ዋጋ

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣው መንገድ እንጦጦን ሲያቋርጥ ዓይን የሚሞላው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ጋራውን ሳይወርስ በፊት የነበሩት ጥድ፣ ወይራና አስታ ዛሬ እዚህም እዚያም ተርፈው ይታያሉ። ከነዚህ ሁሉ የከተማ ሰው የማያውቀው አስታን ነው። ቅጠሉ እንደ መርፌ የደቀቀ፣ አበባው ነጭና ጥቃቅን ነው። በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በባሌ ደጋ በብዛት ይበቅላል። የደጋ ሰው በማገዶነቱና በከሰሉ ያውቀዋል።

የዕፅዋት ሊቃውንት ኤሪካ አርቦሪያ የሚሉት ይኸው ዛፍ ነው። በሜድትራንያን ዳርቻ የሚበቅለውን ፈረንሳዮች ብሩዬር ይሉታል፤ የዓለም ውድ የትንባሆ ፒፓዎችም የሚሠሩት ከሱ ነው። ከግንዱ አይደለም። ግንዱና ሥሩ በሚገናኙበት ቦታ፣ አፈር ውስጥ፣ እንደ ዕባጭ ከሚያድገው ጉጥ ነው። ጉጡ እሳትን ይችላል። የባሌ አስታ ሰደድ እሳት ካለፈበት በኋላ እንደገና የሚያቆጠቁጠውም ከዚሁ ጉጥ ነው።

የሥራው ሂደት ትዕግሥት ይፈትናል። ለፒፓ የሚበቃ ጉጥ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ መሬት ውስጥ መቆየት አለበት። ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ እንዳይሰነጠቅ በእርጥቡ ይያዛል፣ ይቆረጣል፣ ከዚያ ሙጫው እንዲወጣለት ለሰዓታት ውኃ ውስጥ ይቀቀላል። መድረቁ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ፈረንሳይ ውስጥ ሳን ክሎድ የምትባል ተራራማ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1850ዎቹ ጀምሮ በዚህ ሥራ እንጀራዋን ጋግራለች።

ዋጋውን የሚወስነው ግን አጨራረሱ ነው፤ የአዲስ አበባ አናጺ ፊኒሺንግ የሚለው። እንከን የሌለው፣ መስመሩ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብሎ የወጣ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ተልጎ፣ በሰም ተወልውሎ ይሸጣል፤ ከሁሉም ውዱ እሱ ነው። ትንሽ ቀዳዳ የተገኘበት ደግሞ በግፊት አየር አሸዋ ይረጭበታል። ለስላሳው ክፍል ይበላል፣ ጠንካራው መስመር እንደ ሸንተረር ቆሞ ይቀራል። የለንደኑ አልፍሬድ ደንሂል እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጨረሻ ይህን አጨራረስ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሻካራው ፒፓ ራሱን የቻለ ውበት ሆኖ ተፈለገ። በኋላ ኮፐንሃገን ላይ እንደ ሲክስተን ኢቫርሰን ያሉ ሠሪዎች እያንዳንዱን ፒፓ በእጃቸው ቀርጸው ስማቸውን አተሙበት። ገዢ የሚከፍለው ለዚያ ስም ጭምር ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ አስታው እያለን ለምን አንልክም?» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ቶርኖ ያለው የአዲሱ ገበያ አናጺ ቢሰማ ዓይኑ ይበራል፤ አይፈረድበትም። ሐሳቡ ግን መጥፎ ነው። ጉጡን ለማውጣት ዛፉ ከነሥሩ መነቀል አለበት፤ ቅርንጫፉ የተቆረጠ አስታ ያቆጠቁጣል፣ ጉጡ የወጣበት ግን አበቃለት። ተዳፋት ላይ አፈርና ውኃ የሚይዝ ዛፍ ለአንድ ፒፓ መንቀል ኪሳራ ነው። ደግሞም ዝርያው አንድ ስለሆነ ብቻ ጥራቱ አንድ ይሆናል ማለት አይደለም። ጥሬውን ጉጥ ቆፍሮ መሸጥማ የቡናውን ታሪክ መድገም ነው፤ ፍሬው ከዚህ፣ ትርፉ ከሌላ ቦታ።

ትንባሆውም ቢሆን በዚህ አገር ሰላም አግኝቶ አያውቅም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ እንደነበር ይነገራል። ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስን ይከለክላል። ያም ሆኖ ጋያ ከብዙ አካባቢ አልጠፋም፤ ውኃ መያዣው ቅል፣ ትንባሆው የሚቀመጥበት ራሱ ደግሞ ሸክላ ነው።

ሸክላ ከተባለ ጉለሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ቀጨኔ አለች። የቀጨኔ እናቶች ጭቃውን አቡክተው ያለ መዘውር በእጃቸው ያበጁታል፣ ለስላሳ እስኪሆን ያሹታል፣ በእሳት ይተኩሱታል፣ ጀበናውን በጭስ ያጠቁሩታል። ያ ጥቁረት ቀለም ተቀብቶ የመጣ አይደለም፤ ከማንኛውም የፒፓ አጨራረስ የማያንስ ጥበብ ነው። ለዚህ ጥበብ የተከፈላቸው ግን «ቡዳ» የሚል ስድብና ከጎረቤት መገለል ነበር፤ ስድቡ ቢቀንስም ጨርሶ አልጠፋም። የእንጨት ሥራ ያሰበው አናጺ ከኮፐንሃገን በፊት ሊማርበት የሚገባው እዚህ ነው። ከኮፐንሃገን የሚወሰደው አንድ ነገር ማኅተሙ ነው፤ ጀበናው ሥር የሠሪዋ ስም ቢቀረጽ የሚያስወጣው ወጪ የለም።

ለጊዜው ገዢ ጀበናውን ያነሳል፣ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ በፌስታል ይዞ ይሄዳል። ማን እንደሠራችው አይጠይቅም።