ሕሙምን ስለ መጠየቅና እውነትን ስለ መናገር

ሥጋው የታመመ ሰው ጠያቂ አያጣም። እግሩ የተሰበረ እንደ ሆነ ጎረቤት ምግብ ይዞለት ይመጣል፤ ወባ የያዘው እንደ ሆነ ዘመድ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጦ ያመሻል። አእምሮው የታመመ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ጠያቂ የለውም። አንዳንዱ ይፈራዋል፤ አንዳንዱም አፍሮበት ይሸሽገዋል፤ የሚበዛውም ሰው ስሙን ትቶ «እብዱ» ይለዋል። ስሙን የተቀማ ሰው በደዌው ላይ ሁለተኛ ደዌ ተጨመረበት ማለት ነው።

«እኔ ሐኪም አይደለሁምና ሄጄ ምን እጠቅመዋለሁ?» የሚል ሰው ይኖራል። እንደዚህ ለሚል ሰው የዣን ባቲስት ፑሳን ታሪክ መልስ ይሆነዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ18ኛው መቶ ዓመት፥ በፓሪስ አጠገብ ቢሴትር በሚባል ሐኪም ቤት፥ አእምሯቸው የታመመ ሰዎች በሰንሰለት ታስረው ይኖሩ ነበር። ፑሳን ቆዳ ፋቂ ነበረ፤ ታሞም በዚያው ሐኪም ቤት ታከመና ዳነ። ከዳነ በኋላ የእነዚያ ሕሙማን ጠባቂ ሆነ፤ አገልጋዮቹ ሕሙማንን እንዳይመቱ ከለከለ፤ በ1797 ዓ.ም. ደግሞ ሰንሰለቱን አስፈታ። ፊሊፕ ፒኔል የሚባለው ስመ ጥር ሐኪምም ከዚህ ሰው ብዙ እንደ ተማረ መስክሯል። ስለዚህ ለሕሙም የሚጠቅመው የሐኪም እውቀት ብቻ አይደለም።

በአገራችንም የአማኑኤል ሆስፒታል በኢጣልያ ወረራ ዘመን ተቋቁሞ፥ ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ቤት ሆኖ ኖረ። በዚያም በ1979 ዓ.ም. አእምሮን የሚያክሙ አስታማሚዎች መማር ጀመሩ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ከአገራቸው ሳይወጡ ይህን ሕክምና ጠልቀው የሚማሩበት ትምህርት ተከፈተ። በ2002 ዓ.ም. አቶ ቢኒያም በለጠ መቄዶንያ የተባለውን የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ አቋቋመ፤ ወደዚያም ብዙ ወጣቶች ደመወዝ ሳይጠይቁ እየሄዱ ሕሙማኑን ያጥባሉ፥ ይመግባሉ፥ ያጫውታሉ። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በበጎ ፈቃድ የሚያገለግል ሰው ከሳሙናውና ከምግቡ ሌላ ሊሰጠው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም እውነት ነው። ይህ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

አንዲት ወጣት በቂርቆስ ሰፈር ትኖር ነበር፤ ሥራዋም በአንድ ንግድ ቤት ሒሳብ መጻፍ ነበረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ወደ አንድ የአእምሮ ሕሙማን ሐኪም ቤት እየሄደች ሕሙማንን ትጠይቃለች። በመጀመሪያው ቀን የአስታማሚዎቹ አለቃ ሦስት ነገር ነገረቻት። «የማትመጪበትን ቀን እመጣለሁ አትበዪ፤ ሕሙሙ ያልነገረሽን ስለ ሕመሙ አትመርምሪው፤ የሌለ ነገር አየሁ ወይም ሰማሁ ቢልሽ አትከራከሪው፥ ነገር ግን እኔም አየሁ ብለሽ አታጽኚለት» አለቻት። ወጣቷም ይህን ጠብቃ ጥፍራቸውን ትቆርጥላቸው፥ ዳማ ትጫወታቸው፥ ጋዜጣም ታነብላቸው ነበር።

ከሕሙማኑ አንዱ ዕድሜው ዐምሳ ያለፈ ልብስ ሰፊ ነው። ያደገው በካዛንቺስ፥ እናቱ በሞተችበት የቀበሌ ቤት ነበረ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሩት ካዛ ኢንቺስ ከተባለው ቤት ነው፤ ከዚያም ወዲህ ባለ ብዙ ቤትና ባለ ብዙ ጎረቤት ሰፈር ሆኖ ኖረ። ያ ሰው ሕመሙ በጠናበት ጊዜ እንኳ ጎረቤቶቹ ቡና ሲያፈሉ ይጠሩት ነበር፤ ዕድሩም ከመዝገቡ አልፋቀውም። በ2017 ዓ.ም. ግን ሰፈሩ ለከተማው አዲስ ሥራ ሲፈርስ፥ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎችም ሩቅ ቦታዎች ሄዱ። እርሱ በዚያ ወራት በሐኪም ቤት ነበረና ይህን አላየም።

ስለዚህ ወጣቷ በመጣች ቁጥር «ልጄ፥ ካዛንቺስ ያለው ቤቴ ደኅና ነው? በደጃፉ ያለውስ ኮክ አብቧል?» ይላታል። ሌሎች ጠያቂዎች «ደኅና ነው፤ አንተን ይጠብቃል» ይሉት ነበር፤ እርሱም ደስ ይለው ነበር። እርስዋ ግን ከቂርቆስ በእግርዋ ሄዳ አይታለች፤ ቤቱም ኮኩም የሉም። መጀመሪያ «አላወቅሁም ጋሼ፥ ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አለችው። ወደ ቤትዋም ስትመለስ ይህን አሰበች፦ «የዚህ ሰው ደዌ ያለውን ከሌለው ለመለየት መቸገር ነው። አእምሮው ያታልለዋል። ጤነኞች የሆንን ደግሞ ብናታልለው፥ እውነቱን ለመለየት በማን ይደገፋል?»

ነገር ግን ቸኩላ አልተናገረችም። አስቀድማ ለአስታማሚዋና ለሐኪሙ ነገረች። እነርሱም መድኃኒቱ እስኪረዳውና እንቅልፉ እስኪስተካከል ድረስ እንድትጠብቅ፥ ስትናገርም አስታማሚዋ አብራ እንድትቀመጥ መከሯት። እርስዋም በዚያ መካከል የዕድሩን ሰብሳቢ ፈልጋ አገኘችና ጎረቤቶቹ ወዴት እንደ ሄዱ ጠይቃ ጻፈች።

ቀኑም ሲደርስ፥ «ጋሼ፥ ስለ ቤትዎ እነግርዎታለሁ ብዬ ነበር። ሰፈሩ ፈርሷል፤ የእርስዎም ቤት ፈርሷል» አለችው። «ኮኩስ?» አላት። «ኮኩም ተቆርጧል» አለችው። እርሱም «ውሸታም ነሽ! ሌሎቹ ደኅና ነው ብለውኛል፤ ሂጂልኝ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በሁለተኛው ቅዳሜ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ አላናገራትም። በሦስተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። ከዚያ ይልቅ ቀርታ ብትሆን ይቀላት ነበር፤ ሳትናገርም ብትቀር ኖሮ እንደ ቀድሞው በፈገግታ ይቀበላት ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ ግን ፊቱን መለሰና «ሰዎቹስ የት ሄዱ?» አላት። እርስዋም የጻፈችውን አውጥታ አነበበችለት። ብዙም ሳይቆይ ቀድሞ ቡና ይጠሩት የነበሩ አንዲት አሮጊት ከገላን ጉራ ተነሥተው መጡ፤ ሁለቱም ስለ ቤታቸው አብረው አለቀሱ። አሮጊቷም «ልጄ፥ እኔም እኮ እንዳንተው አገሬን ያጣሁ ነኝ፤ ብቻህን አይደለህም» አሉት።

ይህ ሰው ፈጽሞ አልዳነም፤ አንዳንድ ቀን የሌላ ሰው ድምፅ የሚሰማው ይመስለዋል። አሁን ግን ድምፁ በመጣበት ጊዜ ወደዚያች ወጣት ዘወር ብሎ «ልጄ፥ ይህን አንቺም ትሰሚያለሽ?» ይላታል። እርስዋም «አልሰማም ጋሼ» ስትለው ያምናታል፤ ልቡም ያርፋል። ስለ ምን ያምናታል ቢሉ፥ መራራውን ነገር ያልሸሸገችው እርስዋ ብቻ ስለ ሆነች ነው። «ቤትህ ደኅና ነው» ይሉት የነበሩትን ግን ይህን አይጠይቃቸውም።

እንግዲህ ሕሙምን ለመጠየቅ የሚወድ ሰው ይህን ያስተውል። ለሕሙም የሚነገር ውሸት ብዙ ጊዜ ከርኅራኄ የመጣ ይመስላል፤ ቢመረመር ግን ሕሙሙ ሲያለቅስ ላለማየት ነው። እንዲሁም እውነትን በችኮላ ወርውሮ የሚሄድ ሰው ሕሙሙን አቁስሎ ይተዋል። እውነትን ከአዋቂ ጋር ተማክሮ፥ ጊዜውን ጠብቆ፥ በለሰለሰ ቃል መናገር ይገባል፤ ከተናገሩም በኋላ ቁጣውን ታግሦ በቀጠሮ ቀን ተመልሶ መምጣት ይገባል። በአዲስ አበባ ሰፈሮች ሲፈርሱና ጎረቤት ከጎረቤት ሲለያይ፥ ቀድሞ በቡናና በዕድር ተደግፎ ይኖር የነበረ ሕሙም ድጋፉን ያጣል። እንዲህ ላለው ሰው በስሙ የሚጠራውና የማይዋሸው አንድ ጠያቂ ቢገኝለት፥ አእምሮው ሲናወጥ የሚይዘው ምርኩዝ አገኘ ማለት ነው።