አቧራው የት ይሄዳል?

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ በዚህ እትም ስለ ቫኪዩም ክሊነር ልጽፍላችሁ ነው። ርእሱ ለመንፈሳዊ መጽሔት እንግዳ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን ከእናንተ መካከል የአባቱን መኪና የሚያጸዳ አለ፤ ላቫጆ እየሠራ የሚማር አለ፤ ቅዳሜ ከሰዓት የአጥቢያውን ሚኒባስ ለእሁድ የሚያዘጋጅም አለ። አንድ ቀን ይህን ዕቃ ለመግዛት ሱቅ መግባታችሁ አይቀርም። ያን ቀን ስለ ዋጋና ስለ መልኩ ከማውራታችሁ በፊት ሻጩን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ እንዲኖራችሁ እፈልጋለሁ፤ «አቧራው የት ይሄዳል?»

በእኛ አጥቢያ ጥያቄውን ያስነሡት አንዲት እናት ናቸው። ሚኒባሳችን እሁድ ጠዋት በእግራቸው መምጣት የማይችሉ አረጋውያንን ከየቤታቸው ይሰበስባል። የወጣት ኅብረቱ ልጆች ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በመጥረጊያና በብሩሽ ያጸዱታል፤ ወንበሩን እየመቱ አቧራውን ያራግፋሉ። በትጋት ነው የሚሠሩት። እኚህ እናት ግን ሁለት እሁድ ተከታትለው ቀሩ። ልጠይቃቸው ቤታቸው ስሄድ አስም እንዳለባቸው፣ አዲስ የተጠረገ መኪና ውስጥ ሲገቡ ደረታቸው እንደሚታፈን በብዙ ማመንታት ነገሩኝ። «ልጆቼ ደክመው የጠረጉልኝን እንዴት ብዬ ልንቀፍ? ቤቴ ሆኜ ብጸልይ ይሻላል ብዬ ነው እንጂ» አሉኝ።

ነገሩን ለልጆቹ ስነግራቸው ለጊዜው ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ፣ «መምህር፣ ታዲያ አንጥረገው?» አለችኝ።

መጥረግማ ግድ ነው። ግን ብሩሽ ምን እንደሚሠራ አስቡ። ትልልቁን ቆሻሻ፣ ጠጠሩንና ፍርፋሪውን፣ ወደ በር ይገፋል። ደቃቁን አቧራ ግን ከወንበሩ አስነሥቶ አየር ላይ ይበትነዋል። ደቃቅ አቧራ ቶሎ አይወርድም፤ ሲወርድም ተመልሶ እዚያው ወንበር ላይ ነው የሚያርፈው። በማግስቱ ሰው ሲቀመጥበት ከስፖንጁ ውስጥ እንደገና ይነሣል። መኪናው ለዓይን ንጹሕ ነው፤ ለሳንባ ግን አይደለም። አቧራው ቦታ ለወጠ እንጂ ከመኪናው አልወጣም።

የሚገርማችሁ፣ ቫኪዩም ክሊነር ራሱ የተወለደው ከዚሁ ችግር ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ሁበርት ሴሲል ቡዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ለንደን ውስጥ አንድ አዲስ የጽዳት መሣሪያ ሲሠራ ተመለከተ። መሣሪያው በኃይል አየር እየነፋ አቧራውን የሚያስነሣ ነበር። ቡዝ «ለምን አይስበውም?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያም ምግብ ቤት ውስጥ መሐረቡን ወንበር ላይ ዘርግቶ በአፉ አየር ሳበበት፤ መሐረቡን ገልብጦ ሲያይ አቧራ ተጣብቆበታል። እ.ኤ.አ. በ1901 የፈጠራ ባለቤትነቱን አስመዘገበ። የመጀመሪያው መሣሪያው በፈረስ የሚጎተት ትልቅ ነገር ስለነበር መንገድ ላይ ቆሞ ቱቦው በመስኮት ወደ ቤት ይገባ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ ካንተን በምትባል ከተማ ጄምስ መሬይ ስፓንግለር የሚባል የሱቅ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። አስም ነበረበት፤ ምንጣፍ ሲጠርግ የሚነሣው አቧራ ያስለው ነበር። የማራገቢያ ሞተር፣ የሳሙና ሣጥን፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አገጣጥሞ በእጅ የሚገፋ መሣሪያ ሠራ፤ በ1908ም የፈጠራ መብቱን አገኘ። መብቱን የገዛው ሁቨር ደግሞ የፈረስ ዕቃ ከቆዳ የሚሠራ ድርጅት የነበረው ሰው ነው፤ መኪና እየበዛ ሲሄድ ሌላ ሥራ መፈለግ ነበረበት።

ልጆቹን የነካቸው የስፓንግለር ታሪክ ነው። በአቧራ የሚታፈን ሰው የሠራው ዕቃ በአቧራ ለሚታፈኑ እናት መፈለጉ ተገቢ መሰላቸው። ችግሩ ገንዘብ ነበር። ኅብረቱ ላንጋኖ ለመሄድ ያጠራቀመው ገንዘብ አለ። አንዳንዶቹ «ከዚያ ይውጣ» አሉ። አንድ ወንድማችን ግን፣ «ገንዘቡን ያዋጣሁት ለጉዞ ነው፤ ከቀን ሥራዬ ቆጥቤ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ በጭብጨባ አላለፍነውም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ተጠየቀ። ሁለት ልጆች ድርሻቸውን እንፈልጋለን አሉ፤ ማንም ፊቱን ሳያጠቁርባቸው ተመለሰላቸው። የቀረውን ይዘን ሦስት ሆነን ገበያ ወጣን።

ከዚያ የተማርነውን ለእናንተ ላካፍል። ለመኪና የሚሆን ቫኪዩም ሦስት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል።

አንደኛው ከመኪናው የሲጋራ መለኮሻ ቀዳዳ ላይ የሚሰካው ባለ 12 ቮልት ትንሽ ዕቃ ነው። ዋጋው ዝቅ ያለ ነው፤ መኪናው ባለበት ሁሉ ይሠራል። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የዚያ ቀዳዳ ፊውዝ ብዙ ጊዜ 10 ወይም 15 አምፒር ነው። 12 በ10 ሲባዛ 120 ዋት፣ 12 በ15 ሲባዛ 180 ዋት ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ምንም ቢጻፍ ፊውዙ ከሚፈቅደው በላይ ኃይል አያገኝም። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን አቧራና የዳቦ ፍርፋሪ ያነሣል፤ ወንበር ውስጥ የሰረገውን ለማውጣት ግን አቅሙ ውስን ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ለረጅም ጊዜ ከሠራ ደግሞ የመኪናውን ባትሪ ያደክማል።

ሁለተኛው የራሱ ባትሪ ያለው ገመድ አልባ ነው። ለአያያዝ ይመቻል፤ መብራት በጠፋበት ቀንም አስቀድሞ ቻርጅ ከተደረገ ያገለግላል። በከፍተኛ ኃይሉ ሲሠራ ግን ብዙዎቹ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ያልቃሉ። ለአንድ የቤት መኪና ይበቃ ይሆናል፤ ሚኒባስ ግን ግማሹ ላይ ያስቆማችኋል። ባትሪው በጊዜ ብዛት መድከሙ ስለማይቀር ምትክ ባትሪ ይገኝ እንደሆነ ጠይቁ።

ሦስተኛው ሶኬት ላይ የሚሰካው ባለ 220 ቮልት ነው። ከእነዚህ መካከል ውሃም ደረቅም የሚስበው፣ በርሜል የሚመስለው፣ ለላቫጆም ለሚኒባስም ይስማማል፤ ክረምት ላይ ጭቃና እርጥብ ምንጣፍ ስለማይቀር። ነገር ግን ውሃ ከመሳቡ በፊት ፊልተሩ መመሪያው እንደሚለው መቀየር አለበት። ለደረቅ ብቻ የተሠራው ውሃ ከሳበ ሞተሩ ይበላሻል፤ የያዘውንም ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል። ቤንዚን የነካው ምንጣፍ ላይ ደግሞ በየትኛውም ቫኪዩም አትሞክሩ፤ እሳት ያስነሣል። ማራዘሚያ ገመድ ከተጠቀማችሁ ወፍራም ይሁን፤ እንደተጠቀለለ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ተፈትቶ ይሥራ፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይግላል።

አሜሪካ ያለ ዘመድ «እኔ እልክላችኋለሁ» ካላችሁም አመስግናችሁ አንድ ነገር ንገሩት። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛው 220። በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል። ገመድ አልባ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን ያረጋግጥላችሁ።

ሻጮች መጀመሪያ የሚነግሯችሁ ዋቱን ነው። ዋት ግን መሣሪያው የሚበላውን ኤሌክትሪክ እንጂ የሚስበውን አቧራ አይነግራችሁም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ከ1600 ዋት በላይ፣ በ2017 ደግሞ ከ900 ዋት በላይ የሚበሉ ተራ የቤት ቫኪዩሞች ወደ ገበያ እንዳይገቡ ወስኗል። የሰዎቹ ቤት በዚህ ምክንያት አልቆሸሸም። ዋናው ሞተሩ ጉልበቱን በምን ላይ እንደሚያውለው ነው። ማራገቢያው ከውስጥ አየር ሲያስወጣ የውስጡ ግፊት ይቀንሳል፤ የውጭው አየር ቦታውን ሊሞላ ሲገባ አቧራውን ይዞ ይመጣል። ቱቦው የሚያፈስ፣ ፊልተሩ የታፈነ ወይም ሣጥኑ የሞላ ከሆነ ጉልበቱ በከንቱ ያልቃል።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የገባው አየር በሌላ በኩል መውጣቱ አይቀርም። አቧራውን የሚያስቀረው ፊልተሩ ነው። ሄፓ የሚባለው ፊልተር፣ በአሜሪካው መለኪያ፣ 0.3 ማይክሮን ከሚሆን ደቃቅ ነገር 99.97 በመቶውን ያስቀራል። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ገደማ ነውና ምን ያህል ደቃቅ እንደሆነ ገምቱ። ነገር ግን ፊልተሩ ጥሩ ሆኖ ክዳኑ በደንብ ካልገጠመ አየሩ በጎን ያመልጣል። ያን ጊዜ አቧራው ከወንበር ተነሥቶ በማሽኑ ውስጥ አልፎ ወደ ሰው አፍንጫ ተመለሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ የቡዝን መሐረብ ተጠቀምንበት። ሻጩን አስፈቅደን ትንሽ ዱቄት ምንጣፍ ላይ በተንን። ዕቃው ሲስብ አየር በሚወጣበት በኩል ጥቁር ጨርቅ ያዝንበት። በካርቶኑ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ዋት የተጻፈበት፣ ዋጋውም ደህና የነበረው፣ ጨርቁን ነጭ አደረገው። በዋት የሚያንሰው፣ በመልኩም ተራ የሆነው ሌላው ጨርቁን እንዳለ መለሰው። የመጀመሪያውን ብንገዛ ለላንጋኖ የሚተርፍ ገንዘብ ነበር። አብረውኝ ያሉት ሁለቱ ተያዩ፤ ከዚያ አንዱ «እማማ የሚቀመጡት ጨርቁ ባለበት በኩል ነው» አለ። ሁለተኛውን ገዛን። ጉዞው ላንጋኖ መሆኑ ቀርቶ ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ ሆነ።

ከመክፈላችሁ በፊት የቱቦውን ርዝመትና ተለዋጭ አፎቹን እዩ። በወንበሩ ሐዲድና በወንበሮች መካከል የሚገባ ቀጭን አፍ ከሌለው ብዙ ቦታ ይቀርባችኋል። ለዳሽቦርዱ ለስላሳ ብሩሽ ያለው አፍ ያስፈልጋል። ምትክ ፊልተርና ከረጢት በከተማችሁ የማይገኝ ከሆነ አትግዙት። ስታጸዱ ደግሞ በሮቹን ክፈቱ፤ ምንጣፎቹን አውጥታችሁ ከመኪናው ርቃችሁ አራግፉ፤ ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ወንበር ሥር በእጃችሁ ፈልጉ። የእኛ ልጆች ሳንቲም፣ የጆሮ ጌጥ፣ አንድ ጊዜም የአንድ አባት የመድኃኒት ኪኒን አግኝተዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ድሪሟ የጠፋባት ሴት ቤቷን የጠረገችው አቧራ ጠልታ ብቻ አልነበረም፤ የምትፈልገው ነገር ስለነበራት ነው።

ሲያበቃ ሣጥኑን ባዶ አድርጉ። ሰው በሌለበት፣ ነፋሱን ወደ ጀርባችሁ አድርጋችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ። የሚታጠብ ፊልተር ከሆነ አጥባችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ይህ ማንም የማያየው፣ ማንም የማያመሰግንበት ሥራ ነው። ያልተራገፈ ቫኪዩም ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይጮኻል እንጂ አይስብም።

እኚያ እናት ተመልሰው መምጣት ጀምረዋል። አስማቸው አልጠፋም፤ አሁንም በመስኮት በኩል ነው የሚቀመጡት፤ መድኃኒታቸውም ከቦርሳቸው አይለይም። ግን እሁድ እሁድ መካከላችን አሉ። ድርሻቸውን ከወሰዱት ሁለት ልጆችም ጋር ምንም ቅሬታ የለንም። ባንጠይቃቸው ኖሮ፣ በጭብጨባ ብናልፈው ኖሮ፣ ያ ማጉረምረም የት ይሄድ ነበር? ከመድረኩ ተጠርጎ ወንበር ሥር ይቀመጥና ሌላ ቀን ይነሣ ነበር።

ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ላይ ስለ ጽዋውና ስለ ወጭቱ ውስጥ የተናገረውን ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ላክልበት፤ ከዚያ ጽዋ የሚጠጣ ሰው አለ። እናንተ ካጸዳችሁት ወንበር ላይም የሚቀመጥ ሰው አለ። በኅብረታችሁ ውስጥ ጠብ ሲታረቅ፣ ሐሜት ሲቆም፣ ይቅርታ ሲባል፣ «ተጠረገ» ብላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አቧራው የት እንደሄደ ጠይቁ። ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ጆሮ ተዛውሮ ከሆነ ገና አልጠረግነውም፤ ወደ መስቀሉ ወስደን እስክናራግፈው ድረስ ሥራው አላለቀም።

በዚህ ሳምንት ከኅብረታችሁ ልጆች ጋር የአጥቢያችሁን መኪና በር ከፍታችሁ ከኋለኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩን በመዳፋችሁ መታ አድርጉና በመስኮት በሚገባው ብርሃን ውስጥ የሚነሣውን ተመልከቱ። ከዚያ እሁድ እዚያ ቦታ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ሾፌሩን ጠይቁት። የምትገዙትን ዕቃ ለመምረጥ ከዚያ ሰው ጀምሩ። ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።