ዱላ የሌለው ቅብብል

ሐሳቡ የመጣው ከስፖርት ፍቅር አይደለም። አምቦ አብረን የተማርን አምስት ጓደኛሞች ነን። አሁን ሦስታችን አዲስ አበባ ነን፣ አንዱ አዳማ ነው፣ አንዱ እዚያው አምቦ ቀርቷል። የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለዓመታት ሲጻፍ የነበረው የልደት ምኞት፣ የለቅሶ መርዶና «መቼ ነው የምንገናኘው?» ብቻ ነበር። አንድ ማታ የአዳማው ልጅ ስለ ጃፓኖች ኤኪደን ቪዲዮ ላከ። ኤኪደን የረጅም ርቀት ቅብብል ነው። የመጀመሪያው በፈረንጆቹ 1917 ከኪዮቶ እስከ ቶኪዮ ተሮጠ፤ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሦስት ቀን። ሯጮቹ የሚቀባበሉት በትከሻ የሚጠለቅ ጨርቅ ነው፣ ታሱኪ ይሉታል።

«እኛስ ከጊንጪ እስከ ጉደር?» ብሎ ከሥሩ ጻፈ።

ከጊንጪ አምቦ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአምቦ ጉደር 12። ለአምስት ሰው የሚከብድ አይደለም። የከበደው ቀን መቁረጥ ነው። ሁለት ጊዜ ተቀጣጥረን ሁለቱንም ጊዜ መንገዱ ተዘጋ ተብሎ ቀረን። (የዚያ መንገድ ሰው ይህን ሲሰማ «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም።) ለሦስተኛ ጊዜ ለጥቅምት ቀጠርንና ስለ ዕቃው ማውራት ጀመርን። በአማርኛ ውድድሩ የዱላ ቅብብል ነው የሚባለው፤ ስለዚህ ዱላ ያስፈልጋል። አንዱ ከመጥረጊያ እንጨት ቆርጦ ፎቶውን ላከልን።

ግሩፑ ዝም አለ። ቆይቶ አንዱ ጓደኛችን «እኔ ዱላ አልይዝም» ብሎ ጻፈ።

ከመሀላችን ሯጭ ከተባለ እሱ ነበር። ተማሪ ሳለን በጠዋት ከአምቦ ጉደር ሮጦ በታክሲ ይመለሳል፤ ክላስም አይቀርም። ሚያዝያ 2006 በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ምክንያት አምቦ ላይ ተማሪ አደባባይ ሲወጣ፣ ኅዳር 2008 ደግሞ ነገሩ ከጊንጪ እንደገና ተነስቶ ክልሉን ሲያዳርስ፣ እኛ በዚህ አስፋልት የሮጥነው ሰዓት ለማሻሻል አልነበረም። ከኋላችን ዱላ ነበር፤ ዱላ ብቻም አልነበረም። እሱ ጉልበቱን የተመታው ያን ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ አልሮጠም።

ነሐሴ 15 ቀን 2008 ፈይሳ ሌሊሳ የሪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ፣ እጆቹን ከራሱ በላይ ሲያጣምር፣ ጓደኛችን እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ነበር የሚያየው። ፈይሳ የጀልዱ ልጅ ነው፤ ጀልዱ ከጊንጪ ወደ ሰሜን ነው። ሁላችንም እየጮኽን ተነሳን፣ እሱ ግን የሯጩን እግር ብቻ ያይ ነበር። «አረጋገጡን አያችሁ?» አለን።

ለዱላው ምትክ ያመጣው የአምቦው ልጅ ነው፤ ያልተከፈተ ግማሽ ሊትር የአምቦ ውሃ። ጉደር እስክንደርስ አይከፈትም፣ ካመለጠ ያመለጠው ሰው ምሳ ይጋብዛል።

ቀጣዩ ክርክር ስለ እሱ ነበር። «ባጃጅ ላይ ሆኖ ሰዓት ይያዝ» የሚል ሐሳብ ተነሳ፤ በቅንነት ነው የተባለው። «ሰዓታችሁን ስልካችሁ ይያዝላችሁ። ሦስት ኪሎ ሜትር ስጡኝ፣ ዳገቱን» አለ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልተከራከረውም።

ዓርብ ከአስኮ መናኸሪያ በአባዱላ ወጣን። ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ከዚያ የጊንጪ ጥቁር አፈር፤ ኑጉ በየማሳው ቢጫ ሆኗል። እናቴ ደወለች። «ልጄ፣ መኪና ጠፋ እንዴ?»

ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የአዳማው ልጅ ጠርሙሱን ይዞ ጀመረ። እኛ ሙዝና ቆሎ በጫነ ባጃጅ ተከተልን። ከጊንጪ እንደወጣን ኬላ አለ። ደብዳቤ አጽፈናል፣ ጠባቂዎቹም ያውቃሉ። ልጁ ግን ሃምሳ ሜትር ሲቀረው ሩጫውን አቁሞ፣ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ፣ ሁለቱም እጁ እንዲታይ አድርጎ በዝግታ መራመድ ጀመረ። እንዲህ አድርግ ያለው ሰው የለም። መሣሪያ የያዘው ልጅ፣ ከእኛ ብዙ የሚያንስ፣ ግራ ገብቶት አየውና «ምን ሆነህ ቆምክ? ሩጥ እንጂ!» አለው። ባጃጁ ውስጥ አንዳችንም አልሳቅንም። ልጁ ካለፈ በኋላ ነው የሳቅነው፣ ያውም ብዙ።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ብቻዬን ቆሜ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ባጃጁ ሊከተለው ሲል «ሂዱልኝ» ብሎ አባሮታል። ከታች ሲታይ አንድ እግሩን እየጎተተ ነው የሚመጣው፣ አጠገቡ ደግሞ ሦስት ሕጻናት «ጃባዹ! ጃባዹ!» ይላሉ፤ በርታ ማለታቸው ነው። አንደኛው ጠርሙሱን እንዲያሲዘው ይለምነዋል። አልሰጠውም። ሦስቱ ኪሎ ሜትር ሃምሳ ደቂቃ ፈጀበት።

ሲደርስ ጠርሙሱን ወዲያው አልሰጠኝም። አሁን የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፣ እና አስተማሪ ላብ በላብ ሆኖም ያስተምራል። ወደ ኋላ እያሳየኝ «ያ ሁሉ ውሃ አዋሽ ይገባል፣ አፋር ላይ ይቀራል፣ ባሕር አያይም» አለ። ዞረ። «ከዚህ ወዲያ ሁሉቃ ነው። ሁሉቃ ጉደር ይገባል፣ ጉደር አባይ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «የኔ ድርሻ እዚህ ድረስ ነው። ምን ታየኛለህ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

ጠርሙሱ ከእጁ ሙቀት ለብ ብሎ ነበር። ቁልቁለቱን ስወርድ ጋዙ ውስጡ ሲንጫጫ ይሰማኛል፣ ጣቴ ክዳኑ ላይ ነው፤ ምሳ የመጋበዝ አቅም አልነበረኝም።

አምቦ ስንገባ እናቴ አስፋልቱ ዳር ቆማ ነበር። ሯጩን ትታ ቀጥታ ወደ ባጃጁ ሄደች፣ የጓደኛችንን ጉልበት በነጠላዋ ጠረገችና እንጀራ ሳይበላ ማለፍ እንደማይችል ነገረችው። ቀሪዎቻችንን አላየችንም ማለት ይቻላል።

ጉደር ድልድይ ላይ ከአምስት ሰዓት ከሩብ በኋላ ደረስን። የጠርሙሱ ወረቀት በላብ ተላጧል። እንዲከፍተው ለእሱ ሰጠነው፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ፈነዳ፣ የቀረውን አንድ አንድ ጉንጭ ተካፈልነው።

በማግስቱ ግሩፑ ላይ የአዳማው ልጅ «በሚቀጥለው ዓመት ከአዲስ ዓለም እንጀምር» ብሎ ጻፈ። ጡንቻችን ስለታሰረ ማንም ቶሎ አልመለሰም። ማታ ላይ አንድ መልስ ገባ።

«ዳገቱ የኔ ነው።»