የባሕር በርና የባሕር ሰው

ዛሬ ስለ ሽርሽር ልጽፍላችሁ ነው። ይህን ገጽ የምትከታተሉ ሁሉ እንደምታውቁት የእኔ ነገር ዘወትር ሕገ መንግሥት፣ ወሰንና ወደብ ነው። በተለይ ስለ ባሕር በር ስንት ጊዜ እንደ ጻፍኩ ቆጥሬ አላውቅም። ባሕሩን ራሱን ቀርቤ ያየሁት፣ አምስት ሌሊትም የተኛሁበት ግን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ከነቤተ ዘመዴ በሄድኩበት የመርከብ ጉዞ ነው። ከዚያ ጉዞ ይዤው የተመለስኩትን ነገር ለወራት በሆዴ አኖርኩት። አሁን ግን ዝም ማለቱ ከበደኝ።

ሐሳቡን ያመነጨችው ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ የሆነችው ታናሽ እህቴ ናት። “ከእንግዲህ ለቅሶ ቤት ብቻ አንገናኝ” አለች። እውነቷን ነው፤ ቤተሰባችን ባለፉት ዐሥር ዓመታት አንድ ላይ የተሰበሰበው ለቀብር ብቻ ነበር። ልጆቹ ከትምህርት፣ አዋቂዎቹ ከሥራ የሚያርፉበት ጊዜ የፈረንጆች ገና በመሆኑ ከሜሪላንድ፣ ከቶሮንቶና ከጀርመን 19 ሰዎች ፍሎሪዳ ላይ ተገናኝተን ወደ ባሃማስ የሚሄድ መርከብ ልንሳፈር ተስማማን።

ለእናቴ ግን ጊዜው አልተዋጠላትም። የፈረንጆች ገና ታኅሣሥ 16 ቀን ሲውል የእኛ የነቢያት ጾም ገና አልተፈታም። “ሰው በሚጾምበት ወራት እኔ በመርከብ ልንፈላሰስ?” አለች። በመጨረሻ እሺ ያሰኛት የሟች እህቷ ልጅ ከጀርመን እንደሚመጣ መስማቷ ነው። ከአገር ከወጣ ጀምሮ ዓይኑን አላየችውም ነበር።

ፎርት ላውደርዴል ወደብ ላይ ተሰለፍን። ከአንዲት አያት የተወለድን ሰዎች በእጃችን አራት ዓይነት ፓስፖርት ይዘን ነበር፦ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የጀርመንና የኢትዮጵያ። የኢትዮጵያውን የያዘችው እናቴ ብቻ ናት። የሁላችንም በአንድ እይታ ሲያልፍ የእርሷ ከነግሪን ካርዷ ሁለት ሦስት ጊዜ ተገላበጠ። የአክስቴ ልጅ በዚያች ደቂቃ እግሩን እያንቀጠቀጠ የመርማሪውን እጅ ብቻ ሲመለከት አየሁት። ነገሩን ያኔ ልብ አላልኩትም።

መርከቡ ከነሠራተኞቹ የአንዲት ወረዳ ከተማን ሕዝብ ያህል ይይዛል። ባለንብረቱ የአሜሪካ ኩባንያ፣ አብዛኞቹ ሠራተኞች ፊሊፒናውያንና ኢንዶኔዥያውያን ናቸው፤ በኋላው በኩል ከስሙ ሥር የተጻፈው የምዝገባ ወደብ ግን “ናሶ” ይላል። ባሃማስ ነጻነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን ሕዝቧ 400 ሺህ ገደማ ነው። ሆኖም ባንዲራዋ በዓለም ባሕር ሁሉ ላይ ይውለበለባል። “የባሕር ባለቤትነት” የምንለው ነገር በጽሑፎቼ እንደማቀርበው ቀላል እንዳልሆነ የተረዳሁት እዚያው መወጣጫው ላይ ቆሜ ነው።

ከመነሣታችን በፊት ሁሉም ተሳፋሪ በተመደበለት ስፍራ ተገኝቶ የአደጋ ጊዜ ትምህርት መከታተል ነበረበት። ሕጉ የመጣው ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ከሰጠመች በኋላ በ1914 ከተፈረመው የባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት ነው። ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም ጡሩምባ ከተሰማ አደጋ አለ ማለት ነው። ሠራተኛዋ የሕይወት አድን ጃኬት አጠላለቁን ስታሳይ ልጆቹ ይሳሳቁ ነበር። የአክስቴ ልጅ ግን ጃኬቱን ከእጇ ተቀብሎ ስፌቱን ዳበሰ፣ ውስጡንም በጣቱ ተጫነው። ከዚያም “ለሁሉም ሰው ይደርሳል?” ብሎ ጠየቃት። እርሷም ፈገግ ብላ “ለሁሉም፤ ትርፍም አለ” አለችው። ጃኬቱን መልሶ ሰጣትና ወደ ክፍሉ ወረደ።

ክፍሉ መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ነበር። ራሱ ነው እንዲያ ያለውን የመረጠው። እኛ ለገንዘቡ ሳስቶ መስሎን ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ለምግብ ካልሆነ በቀር ብቅ አላለም፤ ወደ ላይኛው ሰገነትም አልወጣም።

የምግብ ነገር ከተነሣ፣ የእናቴ ጾም የመርከቡ ወሬ ሆኖ ነበር። በዚያ ሁሉ የሥጋና የወተት ተራራ መካከል ከቦርሳዋ ቆሎ እያወጣች ትቆረጥማለች። ፊሊፒናዊው አስተናጋጅ በሁለተኛው ቀን “ቪጋን ነዎት?” ሲላት ቃሉን ከልጅ ልጆቿ አስተረጎመችና “አዎን፣ እስከ ልደት ድረስ” አለችው። ከዚያ በኋላ ሳይጠየቅ ቅቤ ያልነካው ሩዝና አትክልት ለብቻው ያመጣላት ጀመር። ሁለት ልጆች እንዳሉትና ለወራት ሳያያቸው እንደሚቆይ ስትሰማ ደግሞ ማታ ማታ በጸሎቷ ታነሣው ጀመር።

ከናሶ በተነሣንበት ሌሊት ወንዶቹ ሰገነቱ ላይ ተቀምጠን እንደ ልማዳችን ፖለቲካ ጀመርን። ወቅቱ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በቱርክ አደራዳሪነት ዲሴምበር 11 ቀን አንካራ ላይ ከተስማሙ ሁለት ሳምንት ያህል የሆነበት ነው። ዓመቱ የተጀመረው ከሶማሊላንድ ጋር በተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ነበርና የክርክሩ እሳት ገና አልበረደም። አማቼ “ሰነዱ ሞተ” ይላል፤ እኔ “አልሞተም” እላለሁ፤ አሰብን አነሣን፣ 1985ን አነሣን።

ከእኛ ሁሉ ባሕርን የሚያውቀው አጎቴ ነበር። ጋሼ በወጣትነቱ ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል አገልግሏል። ነጭ የደንብ ልብሱን፣ ጃንሆይ የሚገኙበትን የባሕር ኃይል በዓል፣ የባዕድ መርከቦች የሚተኩሱትን የክብር መድፍ ሲተርክ ነው ያደግነው። ያን ሌሊትም ሰልፉን ሊጀምርልን ሲል የአክስቴ ልጅ ጃኬቱን ደርቦ ብቅ አለ። ከሐዲዱ ርቆ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ጥቂት አዳመጠንና፣

“ጋሼ፣ አሁን እዚህ ባሕር ላይ አንዲት ትንሽ ጀልባ ብትታይ ይህ መርከብ ይቆማል?” አለ።

ጋሼ ሳያመነታ መለሰ። “መቆም ግዴታው ነው፤ የባሕር ሕግ ነው። ከወዴት ነህ፣ ወረቀት አለህ ወይ አይልህም፤ አስቀድሞ ያወጣሃል።”

“እኛን አንድ ትልቅ መርከብ አልፎን ሄደ።”

ሁላችንም ዝም አልን። እርሱ ግን ቀጠለ። ከሊቢያ የተነሡት እ.ኤ.አ. በ2014 ክረምት ነው። ሞተሩ በሁለተኛው ቀን ቆመ። ሌሊት መብራቱ እንደዚህ የደመቀ መርከብ አዩ፤ ሸሚዛቸውን አውልቀው አውለበለቡ፣ ጮኹ። በማግስቱ የጣሊያን ባሕር ኃይል አነሣቸው። ሲነሡ 94 ነበሩ፤ ሲወርዱ 87።

“መብራቱ ምን ዓይነት ነበር?” አለ ጋሼ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “የመርከብ መብራት ቀዩ በግራ፣ አረንጓዴው በቀኝ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ከታዩህ ወደ አንተ እየመጣ ነው።”

“በመጨረሻ የታየን ነጩ ብቻ ነበር።”

“እንግዲያ ጀርባውን ሰጥቷችኋል” አለና ጋሼ ለረጅም ጊዜ ወደ ጨለማው ተመለከተ። ከዚያም እኛ ሰምተነው የማናውቀውን ተናገረ።

“በ83 ግንቦት ከአሰብ ስንወጣ እኔም ስደተኛ ነበርኩ። አገር ሲወድቅ ይዘን የቀረነው መርከቡን ብቻ ነበር። የመን ስንደርስ መሣሪያችንን አስረከብን። መለዮዬን ግን አላስረከብኩም፤ ሳንደርስ ባሕር ውስጥ ጥዬው ነበር። በማግስቱ ዳቦ ለመቀበል ተሰለፍኩ። ለእናንተ የነገርኳችሁ የምጽዋን ሰልፍ ነው፤ የዳቦውን ሰልፍ ነግሬያችሁ አላውቅም።”

የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘችው “ኢትዮጵያ”፣ ያኔ የመን ገብታ በ1993 ለብረቷ ስትል እንደ ተሸጠች አውቃለሁ፤ ጽፌበታለሁም። ስለ መርከቧ ይህን ያህል ሳውቅ ላዩዋ ላይ ስለ ነበሩት ሰዎች የገዛ አጎቴን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እናቴ ከኋላችን ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ ኖሯል፤ መኖሯንም አላወቅንም። ተነሥታ መጣችና ለአክስቴ ልጅ ከቆሎው በእጁ ዘገነችለት። “ብላ” አለችው። ለጋሼም ሰጠችው። ሌላ ነገር አልተናገረችም። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ፣ ሽማግሌውና ወጣቱ፣ ሐዲዱ አጠገብ ጎን ለጎን ቆመው አየኋቸው።

ወደ ቤቴ ተመልሼ የቆዩ ጽሑፎቼን አገላበጥኩ። የወደብ ኪራይ አለ፤ የኪሎ ሜትር ርቀት አለ፤ የስምምነት ዓመተ ምሕረት አለ። ሰው ግን የለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ላምፔዱሳ አጠገብ ከ360 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፣ ሲያልቁ ስለ አሰብ እጽፍ ነበር። ጣሊያን ከዚያ አደጋ በኋላ የጀመረችውን፣ የአክስቴንም ልጅ ያዳነውን የነፍስ አድን ዘመቻ በዓመቱ ስታቆም አንድ መስመር አልጻፍኩም። ከ2014 ወዲህ በሜዲትራንያን የጠፉት ከ30 ሺህ በላይ መሆናቸውን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መዝግቧል።

የወደብ ጥያቄ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም፤ የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ኑሮ ያለበት ጉዳይ ነው። ነገር ግን የባሕር በር የለንም ብለን በምንጮህበት በዚሁ ጊዜ ልጆቻችን ከኦቦክና ከቦሳሶ በየጊዜው ወደ ባሕር ይወጣሉ። ስለ ባሕር የሚከራከር መንግሥትም ሆነ ተቃዋሚ፣ እንደ እኔ ያለው ጸሐፊም ጭምር፣ ስለ ወደቡ የሚያነሣውን ያህል እነዚህ ልጆች ለምን ጀልባ ላይ እንደ ወጡ ሊጠየቅ ይገባል። በእኔና በአክስቴ ልጅ መካከል የነበረው ልዩነት የብልህነት አይደለም፤ እኔ ቪዛ አገኘሁ፣ እርሱ አላገኘም።

ኦገስት 2025 መጀመሪያ ላይ አብያን በተባለችው የየመን ጠረፍ አንዲት ጀልባ ሰጠመች። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎቿ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በዚያ ሳምንት ጋሼ ደወለልኝ። “ስለ አሰብ የጻፍከውን ሁሉ አንብቤያለሁ። ስለ አብያንስ መቼ ትጽፋለህ?” አለኝ።

ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ታሪኩን ብጽፈው ቅር ይለው እንደ ሆነ ጠየቅሁት። “ጻፈው፤ ስሜን ግን ተወው” አለኝ። “የሰባቱንም ስም የጻፈላቸው የለም።”

ቸር ይግጠመን።